አባቴና ሲቪ ጸሐፊው

ፋብሪካው የተዘጋው አንድ ሐሙስ ቀን ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሥራ የቆመው «ላልተወሰነ ጊዜ» መሆኑን ይናገራል። ቆመን ያነበብን ሠራተኞች በቃሉ ትርጉም ላይ ተከራከርን። ግማሾቻችን አንድ ወር ይሆናል አልን፣ ግማሾቻችን ሁለት። የበሩ ጥበቃ ከሁላችንም በላይ ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ ወንበሩን አንስቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

እዚያ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አዳማ ውስጥ ፓስታና መኮሮኒ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር፤ የእኔ ሥራ የጥራት ቁጥጥር ነው። ስቀጠር ሲቪ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እዚያ የምትሠራ ጎረቤታችን «ሰው ይፈልጋሉ፣ ነገ ዲፕሎማሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ሄድኩ። ዲፕሎማዬን አዩት፣ እጄን ገልብጠው ጥፍሬን አዩት፣ ነጭ ጋውን ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሆንኩ ለማንም ማስረዳት ሳያስፈልገኝ አርባ ሁለት ዓመት ሞላኝ።

ሁለት ወር ጠበቅኩ። በሦስተኛው ወር ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ መመልከት ጀመርኩ። ዱከም ያሉ ፋብሪካዎች ሰው ይፈልጋሉ። ማስታወቂያዎቹ ሁሉ መጨረሻቸው አንድ ነው፤ ሲቪያችሁን በዚህ ኢሜይል ላኩ ይላሉ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ለሆነችው ታናሽ እህቴ ደወልኩላት።

«ሲቪ የለሽም?» አለችኝ።

«የለኝም።»

«ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ከስልኩ ወዲያ ሻንጣ ሲጎተት ይሰማኛል። «ራስሽ እንዳትጽፊው» አለች። «የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ሥራቸው ነው፣ ፕሮፌሽናል ናቸው። እኔም አስጽፌ ነው የተቀጠርኩት። አሁን ዘመኑ እንደሱ ነው፣ እትዬ።»

ወዲያው የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ላከችልኝ። ቢሮው እዚሁ አዳማ፣ መናኸሪያው አካባቢ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ነው። ደውዬ ዋጋውን ጠየቅኩ። አንድ ደህና ጫማ ይገዛል። ዋጋው ግን አይደለም ያሳሰበኝ። አይቶኝ የማያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ እኔ ማን እንደሆንኩ ሲጽፍ ይታየኝና ሆዴ እሺ አይልም። ስለዚህ መጀመሪያ ራሴ ልሞክረው አልኩ።

ስልኬ ላይ ባዶ ቅጽ አገኘሁ። ከላይ የፎቶ ቦታ አለው። ከሥሩ «ስለ እኔ» የሚል ርዕስ አለ፤ ከጎኑ «ክህሎት» የሚል። በእያንዳንዱ ክህሎት ፊት አምስት ትንንሽ ክቦች ተደርድረዋል፤ የቻሉትን ያህል ማጥቆር ነው። ለአማርኛ አምስቱንም አጠቆርኩ። ለኦሮምኛ አራት። ለእንግሊዝኛ ሦስት አጠቆርኩና ማንም ሳያየኝ አፈርኩ፤ ወደ ሁለት ዝቅ አደረግኩት። «ስለ እኔ» የሚለው ጋ ስደርስ «ሥራ ፈላጊ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመር ነገር አልመጣልኝም። ሁለት ቀን ያንኑ ዐረፍተ ነገር ሳይ ዋልኩ።

ይሄን ሁሉ አባቴ ከወንበሩ ሆኖ ይከታተላል። ከባሌ ከተለያየሁ ወዲህ የምኖረው ከእሱ ጋር ነው። አባቴ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ተክሎ ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። የውርስ፣ የወሰን፣ የፍቺ፣ የቀለብ፣ ምንም ዓይነት ጉዳይ ይምጣ ይጽፋል። የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ወደ ኦሮምኛ ሲዞር፣ አፉን የፈታበት ቋንቋ ስለሆነ የቸገረው ፊደሉ ብቻ ነበር። ቁቤን የተማረው ከእህቴ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ፣ ከእሷ እኩል ነው። ከእሷ የተሻለ ውጤት እንደነበረው አሁንም ይናገራል። ሥራውን ያቆመው ከአምስት ዓመት በፊት፣ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ገጽ የተጻፈበት ሉክ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። የእጅ ጽሕፈቱ እየተንቀጠቀጠም ያምራል። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል ከላይ። «ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ። እኔ አመልካች ዕድሜዬ አርባ ሁለት፣ የአዳማ ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ ለዐሥራ ስድስት ዓመታት ያለ አንዳች ጥፋት በቅንነት ካገለገልኩበት ድርጅት ከፈቃዴ ውጭ በመፈናቀሌ…» እያለ ይወርዳል። ሁለተኛው ገጽ ላይ የሕግ አንቀጽ ጠቅሷል። የሚያበቃው «ስለሆነም ሥራው ለእኔ እንዲወሰንልኝና ተገቢው ካሳ እንዲከፈለኝ በትሕትና አመለክታለሁ» በማለት ነው።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ክስ ነው» አልኩት።

«ክስ አይደለም። አቤቱታ ነው።»

«ገና ያልቀጠረኝን ድርጅት ካሳ ልጠይቀው?»

መነጽሩን አውልቆ አሰበበት። «ካሳውን ልታወጪው ትችያለሽ» አለ።

ሉኩን አጥፌ አስቀመጥኩና እህቴ ያለችኝን ነገርኩት። ቢቆጣ አይገርመኝም ነበር። አልተቆጣም። ሰውዬው የት እንደሚሠራ፣ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ባለጉዳይ ይበዛለት እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። «ልክፈለው ወይስ ልተወው? አንተ ንገረኝ» አልኩት። ላስብበት አለ።

ሁለት ቀን አሰበበት። አባቴ አንድ ነገር አስባለሁ ካለ የምሩን ነው፤ ሬዲዮ አይከፍትም። በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ እጁን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ ፍርዱን ሰጠ።

«ክፈይው» አለ። «ሰው የራሱን ጉዳይ ሲጽፍ ወይ ያለቅሳል ወይ ይኩራራል። ሁለቱም ለዳኛ አይጠቅሙም። እኔ ሰዉን ሁሉ ስለዚህ ጉዳይ ስመክር ኖሬ ልጄን ራስሽ ጻፊው ልላት አልችልም።»

«አንተስ ብትጽፍልኝ?»

«እኔ ላንቺ አድላለሁ። አየሽው አይደል፣ ካሳ ጠየቅኩልሽ።» ቀጥሎ ግን፣ «ሰውዬውን መጀመሪያ ልየው። አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ።

ማክሰኞ ዕለት ኮቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ በባጃጅ ሄድን። ደረጃውን ሲወጣ ሁለት ጊዜ አረፈ። ሲቪ ጸሐፊው ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የታረመ ልጅ ነው። አባቴን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሳ። ግድግዳው ላይ «ራስዎን በሚገባ ያስተዋውቁ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል። አባቴ መነጽሩን አስተካክሎ አነበበው። ውጭ መተላለፊያው ላይ ሦስት ወጣቶች ወረፋ ይዘው ስልካቸውን ይነካካሉ።

«ባለጉዳዩን ስንት ሰዓት ታነጋግራለህ፣ ልጄ?» አለ አባቴ ገና ከመቀመጡ።

«አብዛኛውን ጊዜ አናነጋግርም፣ አባባ። በቴሌግራም ቅጽ እንልክላቸዋለን፣ ሞልተው ይመልሱልናል።»

«ሳታያቸው?»

«በአካል የሚመጡት ጥቂት ናቸው።»

«እኔ በዚህ ሥራ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ» አለ አባቴ። «ፊቱን ሳላይ የጻፍኩለት ሰው የለም።»

ልጁ አባቴ የት ይጽፍ እንደነበር ጠየቀና አባቴ ነገረው። ለካ የልጁ አጎት በአንድ የወሰን ጉዳይ እዚያ ጥላ ሥር አስጽፏል። አባቴ የአጎቱን ጉዳይ ከነወሰንተኛው አስታወሰው። ልጁ ከዚያ በኋላ ቅጹን ዘጋና ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዙሮ፣ «እሺ፣ እንነጋገር» አለኝ።

ስሜን፣ ትምህርቴን፣ የሠራሁበትን ዘመን ጠየቀኝ፤ መለስኩ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበርኩ።

«ትልቁ ስኬትዎ ምንድን ነው?» አለ።

«ስኬት?»

«በሥራዎ ያመጡት ለውጥ፣ የፈቱት ችግር። ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።»

አሰብኩ። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ሲዞር ይንቋቋል። «አርፍጄ አላውቅም» አልኩ።

ጻፈው። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ሥራዬን ነው የሠራሁት።»

«አንድም?»

«ምንም የለም።»

«ውሸቷን ነው» አለ አባቴ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሁለት እጁን ከዘራው ላይ ደርቦ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ እያየ ይናገራል። «የእርጥበት መለኪያው ተበላሽቶባቸው ነበር። የፓስታውን መድረቅ የሚለካው። መለዋወጫው ከውጭ አገር ነው የሚመጣው ተብሎ አራት ወር ቆየ፣ ያውም ክረምት። አራት ወር ሙሉ ፋብሪካውን ያስኬደችው በጆሮዋ ነው።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «በጆሮ?»

ማስረዳት ግድ ሆነብኝ። ፓስታ በደንብ ሲደርቅ ሲሰብሩት ጥርት ያለ ድምፅ አለው። እርጥበት ከቀረው ድምፁ ይታፈናል፤ በጥድፊያ ከደረቀ ደግሞ ድምፁ ይሳሳል፣ ቆይቶም ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። ይሄን ማንም አላስተማረኝም፤ ብዙ ስለሰበርኩ ነው። ያኔ መለኪያው ሲበላሽ ከየመደርደሪያው እያነሳሁ እሰብር ነበር። በአራት ወር ውስጥ ተበላሽቶ የተመለሰ ጭነት አልነበረም። ይሄን ያኔ ማታ ራት ላይ ለእናቴ አውርቼላታለሁ። አባቴ ዜና እየሰማ ነበር። ወይም የሚሰማ መስሎኝ ነበር።

«በጆሮ ብለን መጻፍ አንችልም» አለ ልጁ።

«ታዲያ በምን ትላለህ?»

ልጁ ጣሪያውን አየ። «የስሜት ሕዋሳትን መሠረት ያደረገ የጥራት ምዘና።»

አባቴ ቃሉን በልቡ መዘነው። «ይሁን» አለ። «ተቀባይነት አለው።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ እኔን ረሱኝ። አባቴ ይናገራል፣ ልጁ ይጽፋል። መኮሮኒው ውስጥ የብረት ስባሪ አግኝቼ ማሽን ያስቆምኩበትን ቀን፣ አለቃዬ እንደጮኸብኝ፣ በኋላ የዱቄቱ ወንፊት ተቀድዶ እንደተገኘ ተናገረ። አዲስ የሚቀጠሩትን ልጆች የማሠለጥነው እኔ እንደነበርኩ ተናገረ። ስንት እንደነበሩ እኔ አልቆጠርኩም፤ እሱ ዐሥራ አንድ ናቸው አለ። እኔ በሰው ሠርግ ላይ እንደተቀመጠ እንግዳ እጄን አጣጥፌ አዳምጣለሁ።

«የሥራ ዕድገትስ ነበረዎት?» ሲል ልጁ ወደ እኔ ተመለሰ።

«አልነበረም። አንድ ጊዜ ተወዳድሬ ነበር፣ አላለፍኩም።»

«አልፋለች» አለ አባቴ።

ዞር ብዬ አየሁት። እሱ ወደ እኔ አያይም።

«የክፍል ኃላፊነት ውድድር ነበር፣ ዘጠኝ ዓመቱ። አንደኛ ወጥታለች። ስድስት ወር አዲስ አበባ ሄዳ መሠልጠን ነበረባት። አልሄደችም። በጽሑፍ ተወችው። እናቷ ታማ ነበር።»

ይሄንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያኔ እናቴን አልጋ ላይ የሚያገላብጣትና የሚያጥባት ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም፤ አባቴ ጥላው ሥር ነው የሚውለው፣ እህቴ ቢሾፍቱ ሥራ ላይ ነበረች። ብሄድ ማን እንደሚቀር አሰብኩና ተውኩት። ቤት ውስጥ የነገርኳቸው ሌላ ሰው ተመረጠ ብዬ ነው። ውሸት አልነበረም። ከእኔ በኋላ ሌላ ሰው ተመርጧል።

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«እሱን ኋላ» አለና ወደ ልጁ ዞረ። «ጻፈው።»

«አትጻፈው» አልኩ።

የልጁ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። «ማስረጃ ይኖረዋል?» አለ።

«ቃለ ጉባኤው ፋብሪካው መዝገብ ቤት አለ» አለ አባቴ።

«ፋብሪካው ተዘግቷል» አልኩ።

«ቢዘጋስ? ወረቀቱ የት ይሄዳል?»

መተላለፊያው ላይ ያሉት ወጣቶች ስልካቸውን ትተው እኛን ማየት ጀምረዋል። ልጁ ቀስ ብሎ፣ «ለምን እንደተዉት አንጽፍም። ለክፍል ኃላፊነት በተደረገ ውድድር አንደኛ የወጡ ብቻ ብለን እንተወው። እውነት አይደለም?» አለኝ።

እውነት ነው። «ጻፈው» አልኩ።

ባጃጅ ውስጥ እስክንገባ ጠበቅኩት።

«ማን ነገረህ?»

«ሁለተኛ የወጣው ሰውዬ» አለ። «ቦታው ለእሱ መሰጠት ሲገባው ለሌላ ሰው ሊሰጡበት ነበር። አቤቱታ ላስጽፍ ብሎ ጥላው ሥር መጣ። ጉዳዩን ሲያስረዳኝ አንደኛ የወጣችውን ሴት ስም ጠራ።»

«ልጄ ናት አላልከውም?»

«ምን አገናኘው? እሱ የመጣው ለአቤቱታ ነው።»

«እና ጻፍክለት?»

«ጻፍኩለት። አንደኛ የወጣችው ሠራተኛ በራሷ ፈቃድ ስለተወችው፣ ቀጥሎ የወጣው አመልካች ሊተካ ይገባዋል ብዬ። ጥሩ አቤቱታ ነበር። ተወሰነለት።»

ሰውየውን አውቀዋለሁ። ለስምንት ዓመት አለቃዬ ነበር፤ ወንፊቱ የተቀደደ ዕለት የጮኸብኝም እሱ ነው። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም አልከኝ?» አልኩት።

«የባለጉዳይ ምስጢር ነው። በአንተና በእኔ ይቅር ብሎኛል። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገረኝም።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ተናገርክ?»

«ባለፈው ዓመት ዐረፈ አይደለም እንዴ? ለቅሶው ላይ አብረን ነበርን።»

ባጃጁ መብራቱ ላይ ቆመ። አጠገባችን ያለ ጋሪ ላይ ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋል። ሹፌሩ በመስታወቱ ያየናል፤ ወሬያችንን ለመስማት ሙዚቃውን ቀነስ አድርጓል።

«ስሜን ሲጠራው ምን ተሰማህ?» አልኩት።

«ሥራ ላይ ነበርኩ» አለ። መብራቱ ሲለቅቀን ግን፣ «ለእናትሽ ነግሬያታለሁ» አለ።

«ምስጢር ነው አላልክም?»

«ለሚስት የተነገረ እንደተነገረ አይቆጠርም።»

«ምን አለች?»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር አለች። ካነሳንባት ይከፋታል፣ እንተዋት ተባብለን ተስማማን።»

እናቴ ከዚያ በኋላ ዓመት ያህል ነው የኖረችው። በዚያ ዓመት ስላጥባት ብዙ ጊዜ ጣቶቼን ይዛ ዝም ብላ ታየኛለች። የበሽታው ድካም ይመስለኝ ነበር። ባጃጁ ቤታችን በር እስኪደርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሳይ ሄድኩ። አባቴ ከፍሎ ወረደ። የምሳ ሰዓት ስላለፈ ዳቦ በሻይ በላን።

ሲቪው በሦስተኛው ቀን በኢሜይል መጣ። ሁለት ገጽ እንግሊዝኛ ነው። አባቴ በአማርኛ እንዳነብለት ጠየቀኝ። ውጤት ተኮር፣ በምግብ ምርት ጥራት የካበተ ልምድ ያላት፣ ጫና ውስጥ ተረጋግታ የምትወስን ባለሙያ እያልኩ አነበብኩለት። ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ይቺ ሴትዮ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ ይላል።»

«ጥሩ ናት። ትንሽ ትፈጥናለች» አለ። ከዚያም በፋብሪካው የሠራሁበት ዘመን አንድ ዓመት ጎድሎ መጻፉን አገኘ። ደውዬ አሳረምኩት።

ለስድስት ድርጅት ላክሁ። መልስ የሰጠኝ አንድ ነው፤ ዱከም ያለ፣ እንደ ቀድሞዬ ፓስታ የሚያመርት ፋብሪካ። የምወዳደረው ለፈረቃ ኃላፊነት ነበር። በቀጠሮው ቀን ማለዳ በሚኒባስ ሄጄ አንድ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንዲት የሰው ኃይል ሠራተኛ፣ አንድ ክራቫት ያሰረ ሰው፣ አንድ ቱታ የለበሰ ጠና ያለ ሰው። ባለ ክራቫቱ ወረቀቴን እያገላበጠ፣ «የስሜት ሕዋሳትን መሠረት ያደረገ የጥራት ምዘና ይላል። ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«በጆሮዬ ማለት ነው» አልኩ።

ሴትዮዋ ቀና አለች። አስረዳኋቸው። ባለ ቱታው እስከዚያ ድረስ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም ነበር። ተነስቶ ወጣና ያልተከፈተ እሽግ ይዞ ተመለሰ። የራሳቸው ምርት ነው። ፊቴ አስቀመጠው።

ከፈትኩት። አንዱን ሰበርኩ። ሌላ ሰበርኩ። ሦስተኛና አራተኛ ሰበርኩ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የፓስታው ድምፅ ብቻ ነው። እውነቱን ልናገር ወይስ ጥሩ ነው ልበል ብዬ ትንሽ አመነታሁ። ሥራውን እፈልገዋለሁ። ነገር ግን እጄ አንዴ ከሰበረ በኋላ አፌ ሌላ ነገር ማለት አልቻለም።

«በጥድፊያ ነው የደረቀው» አልኩ። «አሁን ምንም አይታይበትም። ሁለት ሳምንት፣ ግፋ ቢል ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይሰነጠቃል።»

ባለ ክራቫቱ፣ «ላቦራቶሪያችን አልፎታል» አለ።

«እሺ» አልኩ።

ባለ ቱታው እሽጉን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። እንደውልልሻለን ብለው አሰናበቱኝ።

አልደወሉም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። እህቴ ስትደውል ነገሩን ነገርኳት። «ምርታቸውን ሰደብሽ?» አለች። «አልሰደብኩም፣ መረመርኩ» አልኳት። «እትዬ፣ ለዚህ ነው እኮ ሲቪ የሚያስፈልገው፣ እንዳትናገሪ» አለች። አባቴን ተሳሳትኩ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። መመስከር ዋጋ እንደሚያስከፍል፣ እሱ ግን በሐሰት የመሰከረ ደንበኛ ሲያጋጥመው ጥላውን አጥፎ ይሄድ እንደነበር ነገረኝ። መልስ መስሎት ነው።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት ልብስ ሳሰጣ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ተሰነጠቀ» አለ አንድ የወንድ ድምፅ።

«ማን ልበል?»

«ከዱከም ነው። ፓስታው ተሰነጠቀ። ዋናውን ዲፕሎማሽን ይዘሽ ረቡዕ ነይ።»

የፈረቃ ኃላፊነቱን ሌላ ሰው ይዞታል፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ዲግሪ አላት፣ ጎበዝ ልጅ ናት። እኔን የቀጠሩኝ በተራ ተቆጣጣሪነት ነው። ተቀበልኩ። ለአባቴ ስነግረው የጠየቀኝ ሰርቪስ እንዳለው ብቻ ነው። አለው አልኩት።

ሰርቪሱ አስፋልቱ ዳር የሚያነሳን ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ልብሴን ለብሼ ስወጣ አባቴ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ውሾች አሉ» አለ።

«አባዬ፣ አርባ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው።»

«ውሾቹ ዕድሜሽን አያውቁም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው አብረን እንወጣለን። እንደኔ የሚራመድ ሰው በአምስት ደቂቃ የሚደርስበትን መንገድ በዐሥራ አምስት ደቂቃ እንሄደዋለን። መንገዱ ላይ አንድ መጋዘን አለ። የመጋዘኑ ዘበኛ ጋ ስንደርስ አባቴ «አካም ቡልቴ» ብሎ እንዴት እንዳደረ ይጠይቀዋል፣ ዘበኛውም «ናጋ» ብሎ ከብርድ ልብሱ ውስጥ እጁን ያወጣለታል። ውሻ እስካሁን አላየንም።

ሰርቪሱ ሲመጣ አባቴ ወደ ሹፌሩ መስኮት ይጠጋል። «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ልጄ» ይለዋል።

«እሺ፣ አባባ» ይላል ሹፌሩ። ከዚያም ሁልጊዜ እንደሚነዳው ይነዳል።